የተቀደደውን መስፋት፦ በመከራ ጊዜ የእጅ ሥራ ስላለው ትርጉም

በመከራ ዘመን ሰዎች ወደ መርፌና ወደ ክር የሚመለሱበት ምክንያት ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ የሥነ ልቦና ጥያቄ ይመስላል፤ ጠለቅ ብሎ ለሚመረምረው ግን የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ ነው። ጦርነት፣ እስር፣ ሐዘን ወይም ወረርሽኝ የሰውን ኑሮ በሚያናጋበት ጊዜ፣ ቀድሞ መስፋት ይችሉ የነበሩና ለዓመታት የተዉት ሰዎች ሥራውን እንደገና ሲያነሡት፣ የማይችሉትም ሲማሩት በብዙ አገር ታይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን በዘጋ ጊዜ፣ በየቤቱ አቧራ ለብሰው የተቀመጡ የስፌት መኪናዎች ወጥተው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ሲሰፋባቸው፣ ሥራውም ከመሸፈኛው አልፎ ወደ ልብስና ወደ ጥልፍ ሲሸጋገር የታየው የቅርብ ጊዜ ምሳሌ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስፌት ሲባል በመርፌና በክር የሚሠራው ሁሉ፣ ማለትም ልብስ መስፋት፣ የተቀደደውን መጣፍና መጥቀም፣ ቀለም ባለው ክር በጨርቅ ላይ ሥዕል የሚወጣበት ጥልፍ፣ እንዲሁም እራፊ ጨርቆችን ገጣጥሞ አንድ ወጥ ነገር ማድረግ ይጠቃለላል፤ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለዚህ ወደ ስፌት መመለስ በተለምዶ የሚሰጡት ማብራሪያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ስፌት ማዘናጊያ ነው፤ እጅ ሲሠራ ልብ ጭንቀቱን ለጊዜው ይረሳል ይላል። ሁለተኛው ስፌት የችግር ጊዜ ማለፊያ ነው፤ አዲስ መግዛት ያልቻለ ያለውን ጠግኖ ይለብሳል፣ ሌላ ገቢ ያጣም የእጁን ሥራ ሸጦ ይበላል ይላል። ሁለቱም እውነትነት አላቸው፤ ነገር ግን የጉዳዩን እምብርት ሳይነኩት ያልፋሉ። ማዘናጊያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰፊዋ የመከራዋን መልክ ራሱን በጨርቅ ላይ ባላወጣችው ነበር፤ ማለፊያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ለማንም የማይሸጥ፣ አንዳንዴም ለማንም የማይታይ ጥልፍ ለመጥለፍ ዓይኗን ባላደከመች ነበር። ስለዚህ ጥያቄው በሌላ መልክ መቅረብ ይኖርበታል፦ ያልመረጠው መከራ የወደቀበት ሰው አንድ ነገር በገዛ ፈቃዱ ሲሠራ፣ ሥራው ከመከራው ጋር የሚኖረው ግንኙነት ምን ዓይነት ነው? ይሸፍነዋል፣ ይሽረዋል፣ ወይስ ሌላ ነገር ያደርግበታል?

ይህን ጥያቄ አስቀድመው የመረመሩት መነኮሳት ናቸው። በ399 ያረፈው ኤቫግሪዮስ ዘጶንጦስ በግብፅ በረሃ ብቻቸውን በሚኖሩ ባሕታውያን ላይ የሚነሡትን ስምንት ክፉ ሐሳቦች ሲዘረዝር፣ ከሁሉ የከበደው ግሪኮች አኬድያ የሚሉት፣ በአማርኛ ስልቸት ወይም የነፍስ መታከት ሊባል የሚችለው እንደ ሆነ ያስተምራል። ይህ ሐሳብ በቀትር ይመጣል፤ ፀሐይ የቆመች፣ ቀኑም የማያልቅ ያስመስላል፤ መነኩሴው ዘጠኝ ሰዓት ደርሶ ማዕድ የሚቀርብበትን ጊዜ ለማወቅ ደጋግሞ ወደ ውጭ እንዲመለከት፣ በዓቱንና የእጁን ሥራ እንዲጠላ፣ ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ እንደሚሻለው እንዲያስብ ያደርገዋል። ይህን ሁኔታ ለማወቅ መነኩሴ መሆን አያስፈልግም፤ እስረኛም፣ ሐዘንተኛም፣ በሽታ አልጋ ላይ ያዋለውም ትናንትና ነገ የማይለዩበት ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ስለ አባ እንጦንስ የሚተረከው ታሪክ ለዚህ የተሰጠውን የበረሃውን መልስ ያሳያል፤ አባ እንጦንስ በዚሁ ስልቸት ተይዞ ሳለ ተቀምጦ የዘንባባ ገመድ የሚጎነጉን፣ ተነሥቶ የሚጸልይ፣ እንደገናም ተቀምጦ የሚጎነጉን ሰው አየ፤ ያም ሰው መልአክ ነበረና የመዳኛው መንገድ ይኸው እንደ ሆነ አስተማረው። እዚህ ላይ የእጅ ሥራው ጸሎቱን የሚያቋርጥ እንቅፋት አይደለም፤ መልኩ የጠፋበትን ጊዜ መልሶ የሚሰፍርለት፣ ከዚህ እስከዚህ ሠራሁ የሚያሰኘው፣ ልቡናውን ባለበት ቦታ የሚያጸናው የጸሎቱ ባልንጀራ ነው።

ዮሐንስ ካሲያን በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለ ገዳማት ሥርዓት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ከዚህ የጠነከረ ታሪክ አለ። አባ ጳውሎስ የሚባል አረጋዊ ከከተማ እጅግ ርቆ በሚገኝ በረሃ ይኖር ነበርና፣ የዘንባባ ሥራውን ወደ ገበያ ማድረስ ከዋጋው የሚበልጥ ወጪ ያስከትል ነበር፤ ሆኖም በየቀኑ የተመደበለት ሰው ይመስል ሥራውን አላቋረጠም፤ የዓመቱ ሥራ ዋሻውን በሞላው ጊዜም በእሳት ያቃጥለውና እንደገና ይጀምራል። ካሲያን ከዚህ የሚያወጣው ትምህርት ሥራ ለገንዘብ ሳይሆን ለልብ ንጽሕናና ለሐሳብ ጽናት አስፈላጊ መሆኑን ነው። አርስቶትል ፍጻሜው ከራሱ ውጭ በሆነው ሥራ፣ ለምሳሌ ቤት በሚገነባ ሰው ሥራ፣ እና ፍጻሜው በራሱ ውስጥ ባለው ተግባር፣ ለምሳሌ በጎ በሚያደርግ ሰው ተግባር መካከል የለየውን ልዩነት የሚያስታውስ አንባቢ፣ አባ ጳውሎስ የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው እንደ ለወጠው ይረዳል፤ ቅርጫቱ ምንም፣ መሥራቱ ግን ሁሉም ሆነ።

የዚህ ታሪክ ውበት የማይካድ ቢሆንም ለስፌት ጉዳይ ሙሉ መልስ አይሆንም። አባ ጳውሎስ በረሃውን መርጦ የገባ፣ ሊተወውም የሚችል ሰው ነበር፤ ሥራው ሲቃጠል የሚያጣው ሰው አልነበረም። በግድ የታሰረችና ባሏ በሕይወት መኖሩን የማታውቅ ሴት ግን የሠራችውን እንዲቃጠል አትፈልግም፤ የምትሠራው በትክክል እንዲኖር፣ እንዲደርስ፣ እንዲታይ ነው። ለእርሷ መሥራቱም የተሠራውም ሁለቱም ያስፈልጓታል።

ይህን ለማየት በ2ኛው የዓለም ጦርነት በሲንጋፖር የሆነው ነገር ከብዙ ድርሳን ይልቅ ይጠቅማል። ከተማይቱ በየካቲት 1942 በጃፓን ጦር እጅ ስትወድቅ በዚያ የነበሩ የእንግሊዝ፣ የአውስትራሊያና የሌሎች አገሮች ሲቪሎች ወደ ቻንጊ ወኅኒ ቤት ተወሰዱ፤ ሴቶችና ሕፃናት ከወንዶቹ ተለይተው ታሰሩ፤ በመካከላቸውም መልእክት መለዋወጥ ተከለከለ። ኤቴል መልቫኒ የተባለች ካናዳዊት እስረኛ፣ በወኅኒው ውስጥ የቀይ መስቀል ተወካይ ሆና ታገለግል ነበርና፣ ለቆሰሉ ወታደሮች የሚሆን የአልጋ ልብስ በጋራ እንዲሰፋ ሐሳብ አቀረበች። ለፈቃደኛዋ ሴት ሁሉ አንዲት አነስተኛ አራት ማዕዘን ጨርቅ ተሰጣት፤ በዚያችም ላይ ስሟንና ስለ ራሷ የሆነ ነገር እንድትጠልፍ ተነገራት። እንዲህ ተደርጎ እያንዳንዳቸው 66 ጨርቆች የተገጣጠሙባቸው ሦስት የአልጋ ልብሶች ተሠሩ፤ አንዱ ለእንግሊዝ፣ አንዱ ለአውስትራሊያ፣ አንዱ ደግሞ ለጃፓን ቁስለኞች የተመደቡ ነበሩ። ሁለቱ ዛሬ በካንቤራ በሚገኘው የአውስትራሊያ የጦርነት መታሰቢያ፣ አንደኛው በእንግሊዝ ቀይ መስቀል እጅ ይገኛሉ።

በእነዚህ ጨርቆች ላይ አበባ የጠለፈች አለች፤ ትታው የመጣችውን ቤት፣ የአገሯን ምልክት፣ የእስር ክፍሏን ግድግዳ የጠለፈችም አለች። በተግባር ሲታይ የአልጋ ልብሱ የስም መዝገብ ነበር፤ በወታደሮቹ ሆስፒታል ያለ ባል የሚስቱን ስምና የእጅ ሥራ አይቶ በሕይወት መኖሯን ያውቅ ዘንድ። ነገር ግን ስምን ለማስተላለፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ አበባው አያስፈልግም ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት የቤት እመቤት፣ ሐኪም፣ ነርስ ወይም መምህርት የነበረችና አሁን የእስረኛ ቁጥር የሆነች ሴት፣ በአንዲት ጨርቅ ወሰን ውስጥ የትኛው ቀለም የት ይግባ፣ ቅጠሉ ወዴት ይዘንበል ብላ የምትወስነው እርሷ ራሷ ናት፤ ጠባቂው በዚያች ወሰን ውስጥ ሥልጣን የለውም። የፈጠራ ነጻነት ማለት ሌላው ሁሉ በተወሰደበት ቦታ እንኳ ሊወሰድ ያልቻለው ይህ የመወሰን ኃይል ነው፤ መጠኑ ትንሽ መሆኑም ዋጋውን አይቀንሰውም።

ከሦስቱ ይበልጥ ሃይማኖታዊውን ጥያቄ የሚያነሣው ግን ለጃፓን ቁስለኞች የተሰፋው ነው። ይህ የአልጋ ልብስ የተሠራው ለሌሎቹ ሁለቱ ፈቃድ ለማግኘት እንዲረዳ ጭምር እንደ ሆነ ይታመናል፤ ስለዚህ ጠላትን ስለ መውደድ እንደ ንጹሕ ምሳሌ አድርጎ ማቅረብ ታሪኩን ማቅለል ይሆናል። ሆኖም ምክንያቱ የተደባለቀ ቢሆንም ስፌቱ አልተደባለቀም፤ አሳሪዎቻቸው ለሆኑት ሰዎች የተጠለፈው አበባ ለወገኖቻቸው ከተጠለፈው ያነሰ ጥንቃቄ አልተደረገበትም። ቁስለኛ ከየትም ወገን ቢሆን ብርድ ልብስ የሚያስፈልገው አካል መሆኑን እጅ ከአንደበት ቀድሞ ሊመሰክር ይችላል፤ ምናልባት ሴቶቹ በቃል ሊሉት ያልተዘጋጁትን ነገር በመርፌ አሉት።

በዚህ ደረጃ አንድ ከባድ ተቃውሞ መቅረብ አለበት፤ መልስ ሳይሰጡት ስፌትን ማወደስ ለብዙዎች በደል ይሆናልና። ስፌት በታሪክ ውስጥ ነጻነት የሆነበት ጊዜ ጥቂት፣ ግዴታ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ሮዚካ ፓርከር በ1984 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ በአውሮፓ ጥልፍ ሴት ልጅ ዝምታንና ታዛዥነትን የምትማርበት የአስተዳደግ መሣሪያ ሆኖ ለዘመናት አገልግሏል፤ በዚያው ልክ ሴቶቹ ራሳቸው የልባቸውን የሚናገሩበት መንገድ እንዳደረጉትም ጽፋለች። በኢትዮጵያም ቢሆን የነገሥታቱንና የካህናቱን ልብስ ያለበሱት ባለ እጆች፣ ሸማኔውና ሰፊው፣ ለሙያቸው ክብር ሳይሆን ንቀት ሲከፈላቸው ኖሯል። በመጋቢት 1911 በኒው ዮርክ በትራያንግል የሸሚዝ ፋብሪካ በተነሣው እሳት፣ በሩ ተቆልፎባቸው መውጫ ያጡ ብዙ ወጣት ስደተኛ ሴቶች ያሉባቸው 146 ሠራተኞች አለቁ፤ በሚያዝያ 2013 በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ሞቱ። በ2016 በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከገጠር መጥተው የተቀጠሩ ወጣት ሴቶችም፣ ኢትዮጵያ በጥር 2022 ከአሜሪካ የአጎዋ የቀረጥ ነጻ ገበያ ስትወጣ፣ በማያውቁት ውሳኔ ምክንያት ሥራቸው ሲናጋ አይተዋል። ለእነዚህ ሰዎች መርፌ የነፍስ ማረፊያ ነው ብሎ መናገር አይገባም።

ፈረንሳዊቷ ፈላስፋ ሲሞን ቬይ ልዩነቱ የት ላይ እንዳለ ለማወቅ ትረዳለች። ቬይ ትኩረትን፣ ማለትም ልቡናን ከራስ ሐሳብ አጥርቶ ለሌላው ነገር ክፍት ማድረግን፣ ከጸሎት ጋር አንድ ባሕርይ ያለው ነገር አድርጋ ታየው ነበር፤ በ1934 እና በ1935 በፋብሪካ ተቀጥራ በሠራችበት ጊዜ ግን፣ ፍጥነቱን ሌላው የወሰነው ሥራ ያንኑ ትኩረት እንዴት እንደሚገድል በገዛ አካሏ ተማረች። ከዚህ እንደሚታየው በሁለቱ ስፌቶች መካከል ያለው ልዩነት በክሩም ሆነ በመርፌው ውስጥ የለም። አንዲት ሴት በፋብሪካ ቀኑን ሙሉ አንድ እጅጌ ብቻ ስትሰፋ ውላ፣ ማታ ለልጇ የምትሰፋው ቀሚስ ያው መርፌና ያው ክር ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ሰዓቷን ትሰጣለች፣ በሁለተኛው ሰዓቷ የእርሷ ነው።

ይህ ልዩነት በኦሪት ዘጸአት አወቃቀር ውስጥ በግልጽ የተቀመጠ ነው ማለት ይቻላል። መጽሐፉ የሚጀምረው በግዳጅ ሥራ ነው፤ እስራኤላውያን በግብፅ ጡብ ይሠራሉ፣ ቁጥሩም በአሠሪዎቻቸው ይወሰናል። መጽሐፉ የሚያበቃውም በሥራ ነው፤ ይህ ግን ፍጹም ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። በምድረ በዳ፣ እንጀራ በሌለበት፣ መድረሻው በማይታወቅበት ቦታ ሕዝቡ ድንኳን እንዲሠራ ይጠየቃል፤ ልቡ ያነሣሣው ሁሉ በፈቃዱ ያመጣል፤ ጥበብ ያላቸው ሴቶች በእጃቸው ሰማያዊና ሐምራዊ ግምጃ፣ ቀይ ግምጃና ጥሩ በፍታ፣ የፍየል ጠጉርም ይፈትላሉ፤ ባስልኤል የተባለው ባለ እጅም በእግዚአብሔር መንፈስ የተሞላ ሰው ተብሎ ይጠራል። ከዚያም የመጣው ስጦታ ከሚያስፈልገው በላይ ስለ ሆነ ሙሴ ሕዝቡን አቁሙ ለማለት ይገደዳል። ባስልኤል በመንፈስ ተሞላ የተባለው ለትንቢት ወይም ለጦርነት አይደለም፤ ለመቅረጽ፣ ለመጥለፍና ለመሸመን ነው። ባሪያ የነበረው ሕዝብ ነጻ መውጣቱን በምድረ በዳ ያረጋገጠው በገዛ እጁና በገዛ ፈቃዱ ውብ ነገር በመሥራቱ ጭምር መሆኑ፣ ውበት ኑሮ ከተደላደለ በኋላ የሚመጣ ትርፍ ነገር ነው ለሚለው ሐሳብ በቂ መልስ ነው።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊትም ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ያበሠራት ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል ሳለ ነው፤ የብሥራቱ ሥዕልም ብዙ ጊዜ እንዝርት ይዛ ያሳያታል። ትርጓሜው ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ጉዳይ የሚበቃው ግን ከሁሉ የሚበልጠው ቃል የመጣላት እጇን አጣጥፋ በተቀመጠች ሳይሆን በፈትል በያዘች ወጣት ላይ መሆኑ ነው። ይኸው ትውፊት በበዓል ቀን አይፈተልም፣ አይሰፋም ብሎ የሚከለክል መሆኑ ደግሞ እርስ በርሱ የሚጋጭ አይደለም፤ ማቆም የሚቻለው የራስ የሆነውን ሥራ ነውና፣ በዓልን ማክበር ራሱ ሥራው የባርነት እንዳልሆነ ምልክት ይሆናል።

እስካሁን የተባለው መሥራትን ይመለከታል፤ ስፌት ግን ከሌሎች የእጅ ሥራዎች የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው። ሸክላ ከተሰበረ ይጣላል፤ ጨርቅ ግን ከተቀደደ በኋላ ይሰፋል፣ ስፌቱም ይታያል። ለዚህ ነው ቅዱሳት መጻሕፍት የሐዘንን ነገር በጨርቅ የሚናገሩት። በዘፍጥረት የመጀመሪያው ስፌት የበለስ ቅጠል ስፌት ነው፤ አዳምና ሔዋን ከሆነው ነገር ለመሸሸግ የሰፉት ነው። ብዙም ሳይቆይ እግዚአብሔር ራሱ የቁርበት ልብስ አድርጎ ያለብሳቸዋል፤ ይህ ሁለተኛው ልብስ ግን የሆነውን ነገር አይሰውርም፤ ከገነት ወጥተው በብርዱ ዓለም መኖር እንዲችሉ ያደርጋቸዋል እንጂ። ኢዮብም በመከራው ጊዜ ማቅ በቆዳው ላይ እንደ ሰፋ ይናገራል። መሸሸጊያ የሆነ ስፌት አለ፣ ስንቅ የሆነ ስፌት አለ፣ ሐዘኑን ከገላ ጋር የሚያያይዝ ስፌትም አለ፤ በመከራ ጊዜ የሚሰፋ ሰው ከእነዚህ የትኛውን እንደሚሰፋ ሁልጊዜ አስቀድሞ አያውቅም።

የአይሁድ ሕግ ሐዘንተኛ ልብሱን እንዲቀድድ ያዛል፤ ከዚያም ስለ ቀዳዳው ዕጣ በጥንቃቄ ይደነግጋል። ለወንድም፣ ለእኅት፣ ለልጅ ወይም ለትዳር ጓደኛ የተቀደደው ከሰባት ቀን በኋላ በሰፋፊው ይያያዛል፣ ከሠላሳ ቀን በኋላ በደንብ ይሰፋል። ለአባት ወይም ለእናት የተቀደደው ግን ከሠላሳ ቀን በኋላ በሰፋፊው ሊያያዝ ቢችልም ፈጽሞ በደንብ አይሰፋም። ሕጉ እዚህ ላይ የሰውን ልብ በሚያስደንቅ ሁኔታ ያውቃል፤ ሐዘንተኛውን በተቀደደ ልብስ ለዘላለም አያስቀምጠውም፣ ምንም እንዳልሆነም አያስመስለውም። በኢትዮጵያ ሐዘንተኛዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትለብሳለች፤ ጊዜው ሲደርስ መልሳ ታቀናዋለች፤ በዚህም ልብስ የሐዘንን መግቢያና መውጫ ይናገራል። ሁለቱም ሥርዓቶች ግን አንድ ነገር ታሳቢ ያደርጋሉ፤ የሞተው ሰው መሞቱ መታወቁን፣ መቀበሩንም።

ይህ ታሳቢ በሌለበት ጊዜ ምን ይደረጋል? መስከረም 11 ቀን 1973 በቺሊ ጄኔራል አውጉስቶ ፒኖቼ ሥልጣን በኃይል ከያዙ በኋላ በወታደራዊው አገዛዝ ዘመን ከ3,000 በላይ ሰዎች ተገደሉ ወይም ተሰወሩ፤ ከእነዚህ ከ1,000 በላይ የሚሆኑት ተይዘው ከተወሰዱ በኋላ ሬሳቸው እንኳ ለቤተሰብ አልተመለሰም። መንግሥት አልያዝናቸውም ይላል፤ እናቲቱ ደግሞ ልጇ ሲወሰድ አይታለች። መቅደድም መስፋትም የተከለከለች ሐዘንተኛ ናት፤ ብታለቅስ ሞቱን አምና የተቀበለች ይመስላታል፣ ባታለቅስ ልቧ አይችልም። የቀይ ሽብርን ዘመን የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሐዘን ምን እንደሚመስል ማብራሪያ አያሻውም፤ በአዲስ አበባ በቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከአጽሙ ጋር ለዕይታ የቀረበው ልብስ፣ ሰው በጠፋበት ጨርቅ እንዴት ምስክር እንደሚሆን ያሳያል።

በሳንቲያጎ እነዚህን ሴቶች የተቀበለቻቸው ቤተ ክርስቲያን ናት። በጥቅምት 1973 የካቶሊክ፣ የፕሮቴስታንትና የአይሁድ መሪዎች በጋራ ያቋቋሙት የሰላም ኮሚቴ በአገዛዙ ግፊት በ1975 መጨረሻ ሲዘጋ፣ ካርዲናል ራውል ሲልቫ ኤንሪኬስ በ1976 መጀመሪያ ቪካሪያ ዴ ላ ሶሊዳሪዳድ የተባለውን የአጋርነት ጽሕፈት ቤት በራሷ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥር አቋቋሙ። ከ1974 ጀምሮ ከእነዚህ ተቋማት ጥላ ሥር የስፌት ቡድኖች ተፈጠሩ፤ ሥራቸውም አርፒዬራ ተባለ፤ ቃሉ ጆንያ የሚሠራበትን ሻካራ ጨርቅ ያመለክታል። ጥበቡ ከዚያ በፊትም በአገሪቱ የታወቀ ነበር፤ ዘፋኟ ቪዮሌታ ፓራ በሕመም አልጋ ላይ በዋለችበት ጊዜ ጀምራው፣ ሥራዎቿ በ1964 በፓሪስ በሉቭር ሕንፃ ውስጥ ባለው የጌጣ ጌጥ ጥበባት ሙዚየም እስከ መታየት ደርሰው ነበር። የሳንቲያጎ ሴቶች ግን አብዛኞቹ ሠዓሊ ነን ብለው የማያውቁ፣ ባላቸው ሥራ ያጣ ወይም የተሰወረባቸው የድሃ ሰፈር እናቶች ነበሩ።

በጆንያው ጨርቅ ላይ እራፊ እየሰፉ የየዕለቱን ኑሮ ሣሉበት፦ ጎረቤቶች አዋጥተው የሚያበስሉበትን የጋራ ድስት፣ የተዘጋውን ፋብሪካ፣ ፖሊስ በሩን ሲያንኳኳ፣ የተሰወረውን ሰው ፎቶግራፍ ይዘው የቆሙ ሴቶችን፣ በ1979 በምክር ቤቱ አጥር ላይ ራሳቸውን በሰንሰለት ያሰሩትን። በ1978 በሎንኬን የኖራ ምድጃዎች ውስጥ የተሰወሩ 15 ሰዎች አጽም ሲገኝ ያም በጨርቅ ተሰፋ። ከበስተጀርባው ብዙ ጊዜ የአንዲስ ተራራና ፀሐይ አለ፤ ቀለሙ ደማቅ ነው። አንዳንዷ ከተሰወረው ሰው ሸሚዝ ወይም ሱሪ ቆርጣ በሥዕሉ ውስጥ ሰፍታለች፤ እንዲህ ሲሆን ጨርቁ የጠፋውን ሰው የሚያሳይ ብቻ መሆኑ ይቀርና ሰውየው የለበሰው ልብስ ራሱ ይሆናል።

የደማቅነቱ ነገር ብዙ ተመልካቾችን ግራ አጋብቷል፤ ስለ ሞት የሚናገር ነገር ለምን ፀሐይ ይወጣበታል? መልሱ ከላይ በተነሣው ልዩነት ውስጥ ያለ ይመስላል። ስፌቱ መሸሸጊያ ቢሆን ኖሮ ፀሐዩን ብቻ በሰፋች፣ ክስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፀሐዩን በተወች ነበር፤ እርሷ ግን ሁለቱን በአንድ ጨርቅ ላይ በአንድ ክር አያያዘቻቸው፤ የሆነው ሆኗል፣ ዓለሙም አሁንም የእግዚአብሔር ነው እንደ ማለት። ይህ አቋም ከመዝሙረ ዳዊት የለቅሶ መዝሙሮች አካሄድ ጋር አንድ ነው፤ በእነርሱም ውስጥ ክሱና ምስጋናው አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ ጎን ለጎን ይቆማሉ። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሰፉት ሴቶች ሥራውን በጋራ ይመርጡ፣ እያንዳንዷ የሠራችውን ለሌሎቹ ታሳይ፣ ስለ ጠፉት ሰዎች ይናገሩ ነበር፤ ለቀብር መሰብሰብ ያልተፈቀደለት ሕዝብ በስፌት ተሰበሰበ።

አገዛዙ ለዚህ ሥራ የሰጠው ምላሽ የሥራውን ምንነት ይመሰክራል። የአገሪቱን ስም የሚያጠፋ ተብሎ በጋዜጦች ተወገዘ፤ በኬላ የተያዙ አርፒዬራዎችም ነበሩ። ማዘናጊያ ወይም ድሆች የሚተዳደሩበት ጌጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልፈራው ነበር። ቪካሪያው አብዛኛውን ሥራ ወደ አውሮፓና ወደ ሰሜን አሜሪካ እየላከ ይሸጥ ነበር፤ ገንዘቡም የሴቶቹን ቤት ያግዝ ነበር። አንዳንዶቹ አርፒዬራዎች በጀርባቸው ትንሽ ኪስ ነበራቸው፤ በኪሱም ውስጥ ሥዕሉ ምን እንደሚናገር የሚገልጽ ወረቀት ይቀመጥ ነበር። እዚህ ላይ በመጨረሻ የሚቀረው ጥያቄ ይነሣል፤ እንዲህ ያለው ሥራ ሲሸጥ ምን ይሆናል? የእናቲቱ ሐዘን በባዕድ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ሆኖ አይቀርምን?

ታልሙድ፣ ማለትም የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትርጓሜ ክርክር የተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ ስለ ሐዘን በሚናገረው ክፍሉ ይህን የሚመስል ነገር አስቀድሞ አስቦበታል። ፈጽሞ በደንብ እንዳይሰፋ የተከለከለው የሐዘን ልብስ ቢሸጥ፣ ክልከላው ከልብሱ ጋር ወደ ገዢው ይተላለፋል፤ ሻጩ እንዳይሰፋው እንደ ተከለከለ ሁሉ ገዢውም ይከለከላል። ከዚህም የተነሣ ሻጩ ቀዳዳው የምን እንደ ሆነ ለገዢው የማስታወቅ ግዴታ አለበት። በኪሱ ውስጥ የነበረችው ወረቀት ይህንን ግዴታ ስትፈጽም እንደ ነበር መቁጠር ይቻላል። ቪካሪያው በ1992 ተዘግቷል፤ የቺሊ መንግሥት ግን የተሰወሩትን የሚፈልግ ብሔራዊ ዕቅድ ያወጣው ገና በ2023 ነው፤ የአብዛኞቹም አጽም አልተገኘም። አንዲት አርፒዬራ ከሃምሳ ዓመት በፊት ገዝቶ ለልጁ ያወረሰ የሎንዶን ወይም የቶሮንቶ ሰው ቤት፣ በሕጉ አነጋገር፣ እስካሁን ያልተሰፋ የሰው ልብስ ተቀምጧል፤ ወራሹም ስለዚያ ልብስ የሚጠየቅ ሰው ሆኗል።